ስለ አሮጌ በገና መታደስ

የዜማ መሣሪያ አካሉ ሁሉ በአንድነት አያረጅም። ዕንጨቱ ከሠሪው ዕድሜ አልፎ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ ቆዳው ግን ከዕንጨቱ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ከበግ አንጀት የተከረረው አውታርም ከሁሉ ቀድሞ ይበጠሳል። ስለዚህ አሮጌ በገና በየቤቱ ሲገኝ አንድ ጊዜ ተሠርቶ እንዲያው የቆየ ዕቃ አይደለም፤ የአያት ዕንጨት፣ የአባት ቆዳና የልጅ አውታር ተዋሕደው የሚኖሩበት ነው እንጂ። ከተሠራ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ያልታደሰ በገና ቢኖር እርሱ ድምፁን ያጣ ዕንጨት ነው። እንግዲህ በገና ዕድሜ የሚያገኘው በመታደስ ከሆነ፣ ሲታደስ ሊለወጥ የሚገባው ምንድር ነው? ሳይለወጥ ሊቀር የሚገባውስ ምንድር ነው? ይህን ሳይለይ መሮ የሚያነሣ ሰው አደስሁ ሲል ያጠፋል።

ይህን ነገር ለመመርመር ከጎንደር ወደ ስሜን የሚወስደው መንገድ ይረዳል። ከጎንደር ከተማ ወደ ላይ የሚወጣ መንገደኛ ወገራን አቋርጦ ዳባትን ያልፍና መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች የደጋ ከተማ ናት፤ በስተ ምሥራቋ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርሱት የስሜን ተራሮች ይነሣሉ፤ ወደ ትግራይ የሚሄደው መንገድ ደግሞ ከእርሷ አልፎ በሊማሊሞ ገደል ወደ ቆላ ይወርዳል። ይህ አገር ለበገና ሠሪ ግማሹን ይሰጠዋል፤ ግማሹን ግን ይነሣዋል። የገብስና የበግ አገር ስለ ሆነ ለአውታር የሚሆን አንጀት አይቸግርም። ለገበቴና ለምሰሶ የሚመረጠው ዋንዛ ግን የወይና ደጋ ዛፍ ስለ ሆነ ከዚህ ዝቅ ካለው አገር መምጣት አለበት። ደጋው አውታሩን፣ ወይና ደጋው ዕንጨቱን ካላዋጣ በገና አይቆምም። ከዱሮ ጀምሮ የነጋዴው አህያና በቅሎ ጨውና እህል ሲያመላልስ የኖረበት መንገድ ለዜማ መሣሪያም እንዲሁ አገልጋይ ነበረ።

በዚሁ መንገድ በ1762 ዓ.ም. የስኮትላንዱ ተወላጅ ጀምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ፣ በአድዋ በኩል አልፎ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ ወገራን አቋርጦ ጎንደር ገባ። ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣ ሰው ቢሆንም ዐይኑ በብዙ ነገር ላይ ያርፍ ስለ ነበር የኢትዮጵያን የዜማ መሣሪያዎችም ተመልክቷል። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ያየውን ለቻርልስ በርኒ በደብዳቤ ጻፈለት፤ በርኒም በእንግሊዝ አገር የዜማን ታሪክ የሚጽፍ ሊቅ ነበረና ደብዳቤውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1776 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አገባው።

ብሩስ በዚያ ደብዳቤ አውታሩ አምስት ወይም ስድስት፣ ብዙውን ጊዜ ግን ሰባት ስለ ሆነ፣ ከዛሬው ክራር ጋር ስለሚቀራረብ መሣሪያ ይናገራል። መሣሪያው ብቻውን እንደማይመታና የሰውን ድምፅ ለማጀብ እንደሆነ ይገልጻል። አውታሩም ከጥሬ የበግ ወይም የፍየል ቆዳ በቀጭኑ ተቆርጦ የተከረረ እንደ ነበረ፣ ፈጥኖ እንደሚበሰብስ፣ በደረቅ ወራት እንደሚበጠስ፣ በርጥብ ወራት ደግሞ ድምፁ እንደሚሞት ጽፏል። የደባርቅን ክረምትና ጉም የሚያውቅ ሰው ይህን ቃል ለማመን ሌላ ምስክር አያሻውም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ስለ መሣሪያው ሁለት ክንዶች የተናገረው ነው። ቀድሞ እነዚህ ክንዶች ከአጋዘን ቀንድ ይሠሩ ነበር፤ ብሩስም በቀንድ የተሠሩ፣ እጅግ ያማሩ መሣሪያዎችን በዐይኑ እንዳየ ይመሰክራል። ነገር ግን በትግራይ ጠመንጃ ሲበዛ፣ ዱሩም ሲመነጠር አጋዘኑ እየጠፋ ሄደ፤ ሠሪዎቹም ቀንድ ባጡ ጊዜ ወደ ቀላል ቀይ ዕንጨት ተመለሱ። ይሁን እንጂ ዕንጨቱን ቀጥ አድርገው አልጠረቡትም፤ የጥንቱን ቀንድ እንዲመስል ጠምዘዝ እያደረጉ ቀረጹት እንጂ።

አንባቢ ይህን ነገር ልብ ይበለው። ወርቅ አንጥረኛ አስቀድሞ ቅርጹን በሰም ይሠራል፤ በኋላ ሰሙ ይቀልጥና ወርቁ በቅርጹ ይተካል፤ ባለ ቅኔዎችም ሰምና ወርቅ የሚለውን ስም ያገኙት ከዚህ ነው። በብሩስ ዘመን በክንዱ ላይ የሆነው ይህን ይመስላል፤ ቀንዱ እንደ ሰም ቀለጠ፣ ቅርጹ ግን እንደ ወርቅ ቀረ። ሠሪው አጋዘን ስለ ጠፋ መሣሪያው ይጥፋ አላለም፤ ቀንድ ስለ ታጣ እንደ ወደድሁ ልጥረበው ብሎም መልኩን አልለወጠም። ከሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት በፊት ስሙ ያልተጻፈ ባለ እጅ የማደስን ሕግ በእጁ ሥራ ጽፎ አስቀምጧል ማለት ነው።

አሁን ወደ በገና እንመለስ። በገና ከክራር በግዙፍነቱ፣ በአውታሩ ብዛትና በድምፁ ውፍረት ይለያል። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ ከታች በቆዳ የተለበደው ገበቴ አለ፤ ከገበቴው ሁለት ምሰሶዎች ይወጣሉ፤ በላይ ቀንበር ያገናኛቸዋል፤ ከቀንበሩ ዐሥር አውታሮች በመቃኛ ተወጥረው ይወርዱና በቆዳው ላይ በተቀመጠው ብርኩማ ላይ አልፈው ይታሰራሉ። በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። አውታሩ ሲነካ እንዚራዋን እየመታ ስለሚንቀጠቀጥ ያ ውስጥን የሚያንቀጠቅጥ፣ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ ይወጣል። እንዚራ የሌለው በገና ሬሳ ነው ቢባል ግነት አይሆንም።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን ዐሥሩን አውታር በዐሥርቱ ቃላት ይመስላሉ፤ መዝሙረ ዳዊትም ዐሥር አውታር ያለውን በገና ያነሣል። ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በብራና መጻሕፍት ላይ ንጉሥ ዳዊት በገና ይዞ ተሥሎ ይገኛል። ሆኖም በገና እንደ ከበሮና እንደ ጸናጽል በማሕሌት የሚቆም አይደለም። ስፍራው ቤት ነው፤ ጊዜውም ይልቁን ዐቢይ ጾም ነው። ስለዚህ የበገና ታሪክ የሚፈለገው ከመቅደሱ ይልቅ በመኳንንትና በካህናት ቤት፣ በእልፍኝ ግድግዳ ላይ ነው።

የስሜን መሳፍንት ቤትም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ስሜንንና ትግራይን ሲገዙ ኖረው ደረስጌ ማርያምን ያሠሩ ሰው ናቸው፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል ከሆኑ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የነገሡት በዚሁ በደረስጌ ነው። የደጃዝማች ውቤ ወንድም ልጅ የሆኑት እቴጌ ጣይቱ ብጡል፣ ኋላ የዐፄ ምኒልክ ባለቤት፣ ግእዝ የተማሩና በገና የሚደረድሩ ነበሩ። ከዚህ የምንረዳው በገና መደርደር ለታላላቆች የማያሳፍር፣ እንዲያውም የአስተዳደግ ማስረጃ ሆኖ ይቈጠር እንደ ነበረ ነው።

የሚያሳዝነው ግን ደርዳሪው ሲከበር ሠሪው መናቁ ነው። ገበቴውን የሚለብደው ቆዳ በፋቂ እጅ ያለፈ ነው፤ ዕንጨቱን የሚጠርበው መጥረቢያና መሮ በቀጥቃጭ እጅ የተሠራ ነው። በስሜን፣ በወገራና በደምቢያ ከቀጥቃጮቹና ከሸክላ ሠሪዎቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ እነርሱም በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በስሜን የነበራቸው ኀይል ከተሰበረ በኋላ በእጅ ሥራ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። አገሩ በማረሻቸው እያረሰ፣ በምጣዳቸው እየጋገረ ቡዳ ይላቸው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ፤ ዐዋጁ አፍን ቢገታም ልብን ፈጥኖ አላነጻም። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ከቤተ እስራኤል አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ የእጃቸውም ጥበብ አብሮ ሄደ። ዛሬ አሮጌ በገና የሚያድስ ሰው በአንድ ዕቃ ውስጥ የተከበረውን ደርዳሪና የተናቀውን ባለ እጅ አንድ ላይ ያገኛቸዋል፤ የአንዱን ስም ታሪክ ሲጠብቅ የሌላውን ምልክት መሮው ብቻ ጠብቆታል።

እድሳቱ ሰፊ ፋብሪካ አይጠይቅም። በቤት ጓሮ፣ በጥላ ሥር፣ መሮና ቢላዋ፣ ወስፌና መርፌ፣ ውኃ የተሞላ ገንዳና ሁለት ችካል ቢገኙ ይበቃል። መጀመሪያ አውታሮቹ ጥቂት በጥቂት፣ ከግራም ከቀኝም በእኩል ይላላሉ፤ በአንድ ወገን ብቻ ቢላሉ ቀንበሩና ምሰሶው ይጣመማሉና። ከዚያ ዕንጨቱ በጣት እየተንኳኳ ይመረመራል፤ ደኅናው ዕንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ነቀዝ የበላው ግን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። በጢስ ቤት ግድግዳ ላይ የኖረ በገና ብዙ ጊዜ ከነቀዝ ይድናል፤ ነገር ግን ያው ጢስና የምድጃው ሙቀት ቆዳውን ያደርቁታል።

አሮጌው ቆዳ በስፌቱ በኩል ይፈታል። ገበቴው ተሰንጥቆ ቢገኝ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ቀዳዳ ተበጅቶ በርጥብ ጠፍር ይሰፋል፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ሁለቱን ከንፈር አጥብቆ ይገጥማል። የተሰነጠቀ ገበቴ በዚህ ዐይነት ሲሰፋ የባላገር ቤት ሁሉ ያየው ነገር ነው። አዲሱ የበሬ ቆዳ በውኃ ርሶ፣ ጠጉሩ ተፍቆ፣ እንደ ረጠበ ተወጥሮ ይለበዳል፤ መድረቅም ያለበት በጥላ ነው፤ ፀሐይ ቢመታው አንዱ ወገን ቀድሞ ደርቆ ሌላውን ይስበዋል። ቆዳው ፈጽሞ ሳይደርቅ ብርኩማውን ለማስቀመጥ የሚቸኩል ሰው ሥራውን እንደ ገና ይጀምራል።

ቀጥሎ አውታሩ ይሰናዳል። የበግ አንጀት ትኩስ ሳለ ሞራው ተለይቶ፣ ደጋግሞ ታጥቦ፣ በደነዘ ቢላዋ ተፍቆ፣ የተፈለገውን ውፍረት ያህል ተደራርቦ ይከረራል፤ በሁለቱ ችካል መካከልም ተወጥሮ ይደርቃል። ለወፍራሙ ድምፅ ወፍራም፣ ለቀጭኑ ቀጭን ይመረጣል። አዲስ አውታር እስኪረጋ ድረስ ይለጠጣልና በአንድ ቀን ተቃኝቶ አይቀመጥም፤ ማታ የተቃኘው ጧት ረግቦ ይገኛል። ከዐሥሩም መካከል በጣት የሚመቱት ስድስቱ ሲሆኑ የቀሩት ብዙ ጊዜ ለጣት ማረፊያ ያገለግላሉ፤ ስለዚህ ያልሰለጠነ አዳሽ የማይመቱት አራቱ ምን ይሠራሉ ብሎ ቢነቅላቸው የደርዳሪውን እጅ ማረፊያ ያሳጣዋል።

የመጨረሻው ሥራ እንዚራ ማግባት ነው። ትንሿ ቁራጭ ቆዳ ከስንዴ ቅንጣት ውፍረት ያነሰ ያህል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ብትገፋ ድምፁ ይሞታል፣ ወይም ይንጫጫል። ለዚህ መለኪያ የሚሆን ክንድና ስንዝር የለም፤ ዳኛው ጆሮ ብቻ ነው። ዕንጨትና ቆዳ ላይ ያልታየው የእውቀት ልዩነት የሚታየው እዚህ ነው። በመሮ የተካነ ሰው እስከዚህ ድረስ ያለ መምህር ሊደርስ ይችል ይሆናል፤ ከዚህ በኋላ ግን የደኅና በገና ድምፅ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ያልሰማ ሰው የሚፈልገውን ስለማያውቅ ሊያገኘው አይችልም።

በዘመናችን ክርክር የሚነሣው አውታሩን በናይሎን ስለ መተካት ነው። ክራር ቀድሞ የአንጀት አውታር ነበረው፤ ዛሬ ግን በሽቦና በናይሎን ይሠራል። የስፔን ጊታርም ቢሆን እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ እንደ በገናችን የአንጀት አውታር ነበረው፤ በጦርነቱ ጊዜ አንጀቱ ለቁስል መስፊያ ስለ ተፈለገ ሠሪዎቹ ወደ ናይሎን ሄዱ፤ ከጦርነቱ በኋላም በዚያው ጸኑ። ጊታር ግን ጊታር ከመባል አልቀረም። እንግዲህ ከቀንድ ወደ ዕንጨት መሄድ ከተፈቀደ ከአንጀት ወደ ናይሎን መሄድ ለምን ይከለከላል? የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከቀንዱ ታሪክ ይገኛል። የቀንዱ ልዋጭ የተፈቀደው ቅርጹን ስለ ጠበቀ ነው። አዲሱ አውታርም እንዚራውን በተገቢው ክብደት እየመታ ያንኑ የሚያጉረመርም ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ የሚከለክለው ሕግ የለም፤ እንዚራውን እያለፈ ጥርት ብሎ የሚጮኽ ከሆነ ግን ምንም ጽኑና የማይበጠስ ቢሆን ልዋጭ አይደለም፤ ሌላ መሣሪያ ነው። ዕንጨቱን በቫርኒሽ ማንጸባረቅም እንዲሁ ነው፤ ዐይንን ደስ ስላሰኘ ብቻ ጆሮ አይካስም።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ፍርድ የሚቆመው ዳኛው ጆሮ በሕይወት ሲኖር ነው፤ እርሱም አንድ ጊዜ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ውድቀት በፊት የበገና ድምፅ በጾም ወራት በሬዲዮ ይሰማ ነበር፤ በአዲስ አበባም በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ለጥቂት ዓመታት ተምሮበታል። በ1967 ዓ.ም. መስከረም ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በገና የሃይማኖትና የመሳፍንት ዕቃ ተብሎ ከሬዲዮ ተለየ፤ ትምህርቱም ቆመ። ያን ጊዜ በየግድግዳው የተሰቀለ በገና ዕንጨቱ አልተሰበረም፤ ቆዳውን ወታደር አልቀደደውም። የተቋረጠው መስማት ነው። ዐሥራ ሰባት ዓመት ያህል የደኅና በገና ድምፅ ያልሰማ ልጅ በ1983 ዓ.ም. ጎልማሳ ሆኖ ነበር፤ አባቱ የተወለትን በገና ቢያወርድ በምን ጆሮ ይቃኘው?

በገናን ከዚህ ያዳኑት ጥቂት ሰዎች ናቸው። አቶ ዓለሙ አጋ በልጅነታቸው በእንጦጦ ከአለቃ ተሰማ ወልደ ዐማኑኤል በገና ተማሩ፤ በያሬድ ትምህርት ቤትም አስተማሩ፤ ድምፃቸው ተቀድቶ በውጭ አገር ሳይቀር ተሰማ፤ በአገር ቤት በገና ዝም ባለበት ዘመን ድምፁ በሸክላና በካሴት ተቀምጦ ቆየ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየግል ማስተማሪያው በገና የሚማሩ ወጣቶች በዙ፤ ሴቶችም እንደ ወንዶች ይማራሉ። አንድ መምህር ለአንድ የጎረቤት ልጅ ያስተላለፈው መስማት ለብዙ ሺህ ጆሮ በቃ።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። አሮጌው በገና ለጌጥ ይፈለጋል፤ ገንዘብ ያለው እንግዳ ሲጠይቅ ድሃ ባለቤት ይሸጣል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የሚናገረው ዐዋጅ ቍጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ የተመዘገበውንም ቅርስ በራስ ፈቃድ ብቻ ማደስን አይፈቅድም። ሕጉ መልካም ነው። ሆኖም ሕግ የሚጠብቀው ዕንጨቱን ነው፤ በቤተ መዘክር በመስተዋት ውስጥ የተቀመጠ በገና ከነቀዝና ከሌባ ይድናል እንጂ አውታሩ አይመታም። የቤቱ በገና ግን በየጥቂቱ ካልታደሰ፣ ካልተቃኘና ካልተደረደረ ዕድሜ የለውም። ለሁለቱም ስፍራ ሊኖራቸው ይገባል፤ አንዱ ለዐይን ምስክር፣ አንዱ ለጆሮ መምህር ይሆናሉ።

እንግዲህ በዳባት ወይም በደባርቅ፣ ወይም በሌላ አገር፣ ከአባቱ ግድግዳ ላይ አሮጌ በገና ያወረደ ሰው ከመሮው በፊት መምህር ይፈልግ። አውታሩን ለመለወጥ አይፍራ፤ ተበጣሽ ሆኖ ተፈጥሯልና። ቆዳውንም ለመለወጥ አይፍራ፤ የአባቱም አባት ለውጦታልና። ዕንጨቱም ፈጽሞ ቢበሰብስ ቅርጹን ለክቶ በሌላ ዋንዛ ይተካው፤ የቀንዱ ዘመን ባለ እጅ እንዲሁ አድርጓልና። የእንዚራውን ድምፅ ግን ሳይሰማ አንዲቱን አውታር አያጥብቅ። ይህን የጠበቀ ሰው ሁሉን ለውጦ በገናውን ያገኘዋል፤ ይህን የሳተ ሰው ምንም ሳይለውጥ በገናውን ያጣዋል።